የዴክ ቋሚና ወለሉ ሚገናኙበት ቦታ እንዳይበሰብስ የትኛው አሰራር ይሻላል?

የእንጨት በረንዳ፣ ወይም ብዙ ሰው እንደሚለው ዴክ፣ ሲበሰብስ ከመሃል ወለሉ አይጀምርም። ሁሌም ማለት ይቻላል ሚጀምረው ሁለት እንጨት ተጠጋግቶ ከተነካካበት ቦታ ነው፣ ከነዛ ሁሉ ደሞ ክፉው ቋሚው (መደገፊያውን ሚይዘው የቆመ እንጨት) ወለሉን አልፎ ሚወርድበት ወይም ወለሉ ላይ ሚቆምበት ቦታ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፣ እዚም እንደዛ ነው፣ ከላይ ስታዩት ቀለሙ እንዳማረ ነው፣ ከስር ግን ቆይቷል ካለቀ።

አንድ ወዳጄ መደገፊያው ትንሽ ይነቃነቃል ብሎ ጠርቶኝ ሄድኩ። ቋሚው ቀለሙ ደህና ነው፣ ግርጌው ዙሪያውን በሲሊኮን ተሞልቷል፣ በደንብ የተሰራ ነው ሚመስለው። ከወለሉ በላይ ያለውን በካቻቢቴ ስወጋው አልገባም፣ ጠንካራ ነው። ከዛ አንዷን ጣውላ ፈትተን አነሳንና ከወለሉ በታች ያለችውን አራት ጣት ምታህል ቦታ ስወጋት ካቻቢቴው እስከ እጀታው ሰመጠ፣ ስጎትተው ጫፉ ላይ እርጥብ አፈር ሚመስል ጥቁር ቡኒ ነገር ይዞ ወጣ፣ እንጉዳይ እንጉዳይ ይሸታል። ሲሊኮኑን ጠጋ ብለን ስናየው በሶስቱ ጎን አሁንም ተጣብቋል፣ በአራተኛው ጎን ግን ፀጉር ምታህል ለቋል። ውሃው በዛች በኩል ነው ሲገባ የነበረው፣ ገብቶ ደሞ ሚወጣበት አልነበረውም። ሲሊኮኑ ባይኖር ኖሮ በማግስቱ ይደርቅ ነበር።

ከዛ ወዲህ የትኛውንም አሰራር ስመዝን መጀመሪያ ምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ውሃው ከገባ በኋላ በምን በኩል ይወጣል፣ እንጨቱስ በስንት ጊዜ ይደርቃል? ከታች ያሉትን ሁሉ ያወዳደርኳቸው በዚች ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ እንጨቱ ለምን እንደሚበሰብስ ትንሽ

እንጨት ሚያበሰብሰው ውሃው ራሱ አይደለም፣ ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ሚበላው ይፈልጋል (እንጨቱ ነው)፣ አየር ይፈልጋል፣ ሞቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ እርጥበት ይፈልጋል። አየርና ሙቀቱን ምንም አናደርገውም፣ ስለዚ በእጃችን ያለው ወይ እንጨቱን በመድሃኒት እንዳይበላ ማድረግ ወይ እርጥበቱን ማሳነስ ነው፣ ቢቻል ሁለቱንም። በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገሱ አያድግበትም፣ ወደ 28 እና 30 በመቶ ደርሶ እዛው ሲከርም ግን ስራውን ይጀምራል። ለዛ ነው ዝናብ በቀጥታ ሚመታው ግን ቶሎ ሚደርቅ እንጨት ብዙ አመት ሚቆየው፣ ሙሉ ለሙሉ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ምሰሶም አየር ስለማያገኝ ይቆያል፣ ሚያልቀው መሃል ላይ ያለው ነው፣ እርጥብ ሆኖ አየር እያገኘ ሳይደርቅ ሚከርመው። ቋሚና ወለል ሚገናኙበት ቦታ ደሞ በትክክል እንደዛ ነው።

ሌላው የእንጨቱ የተቆረጠ ፊት ነው። ዛፉ በህይወት እያለ ውሃ ሚያወጣባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፣ በመጋዝ ስንቆርጠው አፋቸው ይከፈታል። ሞክሩት፣ ከስራ የተረፈ የሞራሌ ቁራጭ ውሰዱና ጎኑ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ፣ የተቆረጠው ፊት ላይ ሌላ ጠብታ አድርጉ። ጎኑ ላይ ያለው ድቡልቡል እንዳለ ይቀመጣል፣ ፊቱ ላይ ያለው ግን እያያችሁት ጠቆር ያለ ክብ ትቶ ወደ ውስጥ ይገባል። አሁን ቋሚው ዙሪያ ያሉትን ጣውላዎች አስቧቸው፣ ለቋሚው ቦታ ለመልቀቅ የተቆረጡት ሁሉ የተከፈተ ፊታቸውን ቋሚው ላይ ለጥፈው ነው ያሉት።

ቋሚው የት ይቁም?

ትልቁ ምርጫ ይሄ ነው። ቴፑም ቀለሙም መድሃኒቱም ከዚ በኋላ ነው ሚመጣው፣ ቦታው ከተበላሸ በቀለም ማስተካከል አይቻልም።

በጣም የተለመደው ቋሚው ከታች ከተሸካሚዎቹ (የወለሉ ጣውላ ከሚያርፍባቸው እንጨቶች) ጋር በቡሎን ታስሮ፣ የወለሉ ጣውላ ዙሪያውን ተቆርጦለት ወደ ላይ ሚወጣበት አሰራር ነው። በጥንካሬ በኩል ምንም አይወጣለትም፣ ቋሚው ወደ ታች ረዘም ብሎ ስለሚታሰር ሰው ሲደገፈው አይነቃነቅም። ችግሩ ሰራተኞች ስራው ንፁህ እንዲመስል ጣውላውን ልክክ አድርገው ይቆርጡታል፣ ወረቀት እንኳን ማታስገባ ሆና ስትገጥም ጥሩ ስራ ተብሎ ይደነቃል። ለቤት ውስጥ እቃ ልክ ነው፣ ለውጪ ግን ጉዳት ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ 10 ሳንቲ ስፋት ያለው እርጥብ የመጣ ቋሚ እየደረቀ ሲሄድ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሊቀንስ ይችላል፣ ስለዚ ዛሬ ልክክ ያለው ነገ ቀጭን ስንጥቅ ይሆናል፣ ቀጭን ስንጥቅ ደሞ ውሃን ስቦ ይይዛል አይለቅም። እኔ ዙሪያውን ከ5 እስከ 6 ሚሊ ክፍት ይተው ነው ምለው። አይን ላይ ትንሽ ትታያለች፣ ከሳምንት በኋላ ግን ማንም አያያትም፣ ውሃው በሷ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ነፋስም ይገባባታል። ከዛ በጣም ካጠበባችኋት ቅጠልና አቧራ ይሞላትና እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ በጣም ካሰፋችኋት ደሞ የጫማ ተረከዝ ይያዝባታል።

በዚው አሰራር ውስጥ አንድ ማልወደው ነገር አለ፣ ቋሚውን ግማሽ ድረስ ጎድቦ በጠርዙ እንጨት (የወለሉን ዳር በሚዘጋው) ላይ ማስቀመጥ። ሲታይ ያምራል፣ ቋሚው ከጠርዙ ጋር እኩል ይሆናል፣ ግን ጉድቡ ያለበት ቦታ ላይ ግማሽ እንጨት ነው ሚቀረው፣ ሰው ሲደገፍ ጉልበቱ ሚያርፈው እዛው ላይ ነው፣ ከጉድቡ ጥግ ጀምሮም ወደ ላይ ይሰነጠቃል። ከዛ በላይ ደሞ መድሃኒት የገባው የቋሚው የውጪ ክፍል ስለሆነ ስትጎድቡት መድሃኒት ያልነካውን ውስጡን አውጥታችሁ ለውሃ ሰጣችሁት ማለት ነው። የአሜሪካ የእንጨት ማህበር የዴክ መመሪያም የመደገፊያ ቋሚ አይጎደብ ይላል።

ሁለተኛው ቋሚውን ከወለሉ በላይ በብረት መሰረት ማስቀመጥ ነው። ጣውላው አይቆረጥም፣ ቋሚው ወለሉን አያልፍም፣ ስለዚ ስንጥቁ ራሱ የለም። ለመበስበስ ብቻ ከታየ ጥሩ ሃሳብ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ የቋሚው የተቆረጠ ፊት ወደ ታች ዞሮ ወለሉ ላይ ከተቀመጠ ውሃ ከስር ይመጠዋል፣ ስለዚ መሰረቱ ቋሚውን ቢያንስ 2 ሳንቲ ተኩል ከፍ አድርጎ ሚይዝና ከስሩ ውሃ ሚያስወጣ መሆን አለበት፣ ዝም ብሎ ሳጥን ሆኖ እንጨቱን እንደ ጫማ ሚያጠልቅ ከሆነ ውሃ ሚያጠራቅም ኩባያ ነው። ሁለተኛው ጉልበት ነው። መደገፊያ 1 ሜትር አካባቢ ከፍታ አለው፣ ከላይ አንድ ሰው ሲገፋው የመሰረቱ ስፋት 10 ሳንቲ ብቻ ከሆነ ግርጌው ላይ ያለው ቡሎን ሚጎተተው ሰውየው ከገፋበት ከ10 እጥፍ በላይ በሆነ ሃይል ነው። ይሄን በአጫጭር ቪት ጣውላው ላይ ብቻ አስሮ መተው አደጋ ነው፣ ቡሎኑ ጣውላውን አልፎ ከስር ከተጨመረ ወፍራም እንጨት ጋር መታሰር አለበት። ቡሎኑ ያለፈበት ቀዳዳ ደሞ እሱም የውሃ መግቢያ ነው፣ በደንብ መታሸግ ካለበት ቦታ አንዱ እዚ ነው።

ሶስተኛው ቋሚውን ከጠርዙ እንጨት ውጪ ማሰር ነው። እንጨት በእንጨት ለሚሰራ ሰው እኔ ሁሌ መጀመሪያ ምመክረው ይሄን ነው። ወለሉ አይቆረጥም፣ ቋሚው በአብዛኛው ጎኑ አየር ያገኘዋል፣ የታችኛው ጫፉ በአየር ላይ ስለሚንጠለጠል ውሃው ይንጠባጠባል (ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ከምትቆርጡት ሰያፍ ቁረጡት፣ ጠብታው በአንድ ጥግ ተሰብስቦ ይወድቃል)። አንድ መጥፎ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ ቋሚው የጠርዙን እንጨት ሚነካበት ፊት። እዛ መሃል 1 ሳንቲ ምታህል ክፍተት በወፍራም ሮንዴላ ወይም በማይበሰብስ ፕላስቲክ ቁራጭ ካስገባችሁ አየር ያልፋል ውሃ ይወርዳል። ከዛ በላይ ግን አታስፉት፣ ክፍተቱ ሲሰፋ ቡሎኑ በመሃል መጉበጥ ይጀምራል ቋሚውም ይወዛወዛል። 12 ሚሊ ውፍረት ያላቸው ሁለት ቡሎኖች፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ተራርቀው፣ የላይኛው ደሞ ከጠርዙ እንጨት አልፎ በማጠናከሪያ ብረት ከተሸካሚው ጋር ቢያያዝ ጥሩ ነው፣ አለዚያ ቋሚው ሲገፋ የጠርዙ እንጨት ራሱ ተገንጥሎ ይመጣል። ጉድለቱ ቋሚዎቹ በውጪ በኩል ስለሚታዩ ሁሉም ሰው አይወደውም።

አራተኛው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ቋሚ ነው፣ በሱ ብዙ አልቆይም። ቋሚው አይበሰብስም፣ ግን ሚታሰርበት እንጨት አሁንም እንጨት ነው፣ ቡሎኑ ያለፈበት ቀዳዳ ካልታሸገ ከስር ያለው ይበሰብሳል። ቋሚው ብቻ ሳይሆን የታሰረበትም እንጨት ነው ሰው ሚይዘው።

በእንጨቱ ላይ ሚጠለቅ የፕላስቲክ ሽፋን ምትጠቀሙ ካላችሁ ታችኛው አፉ ክፍት መሆኑን እዩ። አናቱ ተከድኖ ግርጌው በሲሊኮን ከተዘጋ ውስጥ ያለው እንጨት እየረጠበ ማንም አያየውም።

ክፍተቱን እንዝጋው ወይስ እንተወው?

ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሲሊኮን መሙላት ደመነፍስ ነው፣ ቀዳዳ አየህ ደፈንከው። ግን ቁጥሩን እዩት። ጥሩ ሚባለው የውጪ ማሸጊያ ከሞላው ስፋት 25 በመቶ ድረስ ሚለጠጥና ሚጨመቅ ነው። 4 ሚሊ ክፍተት ከሞላችሁ 1 ሚሊ ብቻ ነው ሚንቀሳቀስላችሁ ማለት ነው፣ እንጨቱ ግን ከበጋ ክረምት ከዛ በላይ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚ መላቀቁ የስራ ጉድለት እንኳን ላይሆን ይችላል፣ ባለሙያ ቢሞላውም ይለቃል። ሲለቅ ደሞ በአንድ ጎን ነው ሚለቀው፣ ውሃ ያስገባል፣ የተጣበቀው ጎን ደሞ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ጭራሽ ባይሞላ ይሻል ነበር። ሰውየው ከውሃ ላድን ብሎ ውሃውን ቆልፎበት ሄደ።

የግድ መሙላት ያለባችሁ ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ ከስር ጣራ ወይም መኖሪያ ክፍል ካለ፣ ክፍተቱን ሰፋ አድርጉት፣ 1 ሳንቲ አካባቢ፣ ውስጡ መጀመሪያ ክብ የፎም ገመድ አስገቡ፣ ከላይ ፖሊዩሬቴን ሚባለውን ማሸጊያ ሙሉበት። ገመዱ ማሸጊያው ከስር እንዳይጣበቅና በሁለት ጎን ብቻ እንዲይዝ ያደርጋል፣ በሶስት ጎን የተያዘ ማሸጊያ መለጠጥ አይችልም ይቀደዳል። ተራ ሲሊኮን እንጨት ላይ ብዙ አይይዝም፣ ቀለምም አይቀበልም። በየአመቱ ታዩታላችሁ፣ ይሄን ማታደርጉ ከሆነ አትጀምሩት።

ለሌላው ሁሉ ክፍተቱን ክፍት ተዉና ከስር ያለውን ጠብቁ ነው ምለው። እዚ ነው ቴፕ ሚመጣው። ሚለጠፉ የውሃ መከላከያ ቴፖች በዋናነት ሁለት አይነት ናቸው፣ አንዱ የሬንጅ ዘር ነው፣ ሌላው ቡቲል ሚባለው ጎማ መሰል ነው። ሬንጁ ዋጋው ይቀንሳል፣ ግን ፀሃይ ሲበረታበት ይለሰልሳል አንዳንዴም ይፈሳል፣ ብርድ ሲሆን ደሞ ይደርቃል። ቡቲሉ በብርድም በሙቀትም እንደተለጠጠ ይቆያል፣ ቪት ሲበሳውም ቪቱን ዙሪያውን አጥብቆ ይይዛል። አቅም ካለ ቡቲል። ምትለጥፉት ጣውላው ከመመታቱ በፊት በተሸካሚዎቹ አናት ላይ ነው፣ ቋሚው ጋ ስትደርሱ ደሞ ከተሸካሚው ወደ ቋሚው ጎን 5 እና 6 ሳንቲ ከፍ አድርጋችሁ ታስወጡታላችሁ፣ ልክ ጣራ ከግድግዳ ጋር ሲገናኝ እንደሚደረገው። የላይኛው ቁራጭ ሁሌም የታችኛውን ይደርብ፣ ውሃ ወደ ታች ስለሚሄድ መገጣጠሚያው ፊቱን ወደ ላይ ከሰጠ ውሃውን ጋብዛችሁ ታስገቡታላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፣ ቋሚውን ሙሉ ዙሪያውን በቴፕ አትጠቅልሉት። አይቻለሁ እንደዛ የተሰራ፣ ሰው ቴፕ ጥሩ ነው ሲባል ቋሚውን እንደ ፋሻ ይጠቀልለዋል። ቋሚው አናቱ ላይ ባለው ስንጥቅ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃው በውስጡ ወደ ታች ይወርዳል፣ እዛ ጥቅልሉ ጋ ሲደርስ መውጫ የለውም። ቴፕ አግድም በተኛ እንጨት አናት ላይ ጥሩ ነው፣ በቆመ እንጨት ላይ ግን አንድ ወይም ሁለት ጎን ብቻ በቂ ነው፣ ሌላው ይተንፍስ።

ላሜራ አጥፎ መስራት ከቴፕ ይበልጥ ይቆያል፣ ጥሩ እጅ ያለው የላሜራ ሰራተኛ ካገኛችሁ እሰየው። ግን የላሜራው አይነት ከእንጨቱ መድሃኒት ጋር መስማማት አለበት። አሁን ያሉት የተነከሩ እንጨቶች አብዛኞቹ መዳብ የበዛበት መድሃኒት ነው ያላቸው፣ መዳቡ ደሞ እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየምን ይበላል። አሉሚኒየም በቀጥታ በተነከረ እንጨት ላይ አታድርጉ፣ መዳብ ወይም ስቴንለስ ይሁን፣ ካልሆነም በመሃል ቴፕ ይግባ።

የተቆረጠው ፊት ላይ ምን እንቀባ?

መድሃኒት የተነከረ እንጨት ስትገዙ መድሃኒቱ እስከ መሃል ድረስ ገብቷል ብላችሁ አታስቡ። የዛፉ የውጪው ለስላሳ ክፍል ይጠጣዋል፣ የመሃሉ ጠንካራ ክፍል ግን ብዙም አይቀበልም፣ ስለዚ በመጋዝ በቆረጣችሁት ቁጥር በትራፓኖም በበሳችሁት ቁጥር መድሃኒት ያልነካው እንጨት ይጋለጣል። አረንጓዴ ቀለም ያለው ኮፐር ናፍተኔት ሚባል በብሩሽ ሚቀባ መድሃኒት አለ፣ ለዚ ስራ ከሁሉም እሱን አስቀድማለሁ። ሽታው ከባድ ነው፣ ጓንት አድርጉ፣ ክፍት ቦታ ላይ ስሩ። አንዴ ቀብቶ መሄድ አይበቃም፣ የተቆረጠውን ፊት እንጨቱ አልጠጣም እስኪል ድረስ ደጋግሙት፣ የቡሎን ቀዳዳ ውስጥም አፍስሱ። ከተነከረ እንጨት የተረፈውን ቁራጭ ደሞ አታቃጥሉት፣ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው።

ሰም ያለበት የጫፍ ማሸጊያ ውሃ መጠጣቱን ያዘገያል ግን ፈንገስ አይገድልም፣ ስለዚ ከመድሃኒቱ ላይ ቢደረብ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አልተማመንበትም። ኢፖክሲ (ሲደርቅ ሚጠነክር ሙጫ) በደረቅ እንጨት ላይ ሲሆን አፉን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፣ ለቋሚው የታችኛ ጫፍ ደህና ነው፣ እርጥብ እንጨት ላይ ከተቀባ ግን እርጥበቱን ውስጥ አስቀርቶ ይዘጋዋል። ተራ ቀለም ምንም ካለመቀባት ይሻላል፣ ስንጥቅ ሲጀምር ግን እንደ ሲሊኮኑ ነው፣ ያስገባል አያስወጣም። ለዛ ነው ለውጪ እንጨት ወደ ውስጥ ሚገባውን ስቴይን ከወፍራም ቀለም ምመርጠው፣ ሽፋን ሰርቶ አይላጥም፣ ሲደበዝዝም ሳትፍቁ ትደርቡበታላችሁ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሚቀቡ ብዙ ሰዎች አሉ። ነፃ ስለሆነና ጥቁር ስለሚያደርግ የጠበቀ ይመስላል፣ ግን የእንጨት መድሃኒት አይደለም፣ ዘይቱ ውስጥ ከሞተሩ የመጣ ከባድ ብረት አለ፣ ዝናብ ሲመታው ወደ አፈር ይወርዳል፣ ልጆች በእጃቸው ሚይዙት መደገፊያ ላይ ደሞ ፈፅሞ መሆን የለበትም። ሬንጅ ደሞ ከመሬት በታች ላለ እንጨት ውሃ ያርቃል፣ ግን የቋሚውን ግርጌ ሙሉ በሙሉ ከለበሰ ከላይ የወረደው ውሃ መውጫ ያጣል።

ስለ እንጨቱ ምርጫ አጭር ነገር። አውሮፓ ውስጥ ያለው ደረጃ ውጪ ሆኖ ከመሬት ከፍ ያለን እንጨት 3ኛ፣ መሬት ሚነካን 4ኛ ብሎ ይመድባል። ቋሚውና ተሸካሚው ሚገናኙበት ቦታ ከመሬት ከፍ ቢልም እርጥበት ሚያስቀር ከሆነ መሬት እንደነካ ቁጠሩትና ለቋሚ የ4ኛውን ግዙ። መድሃኒት የሌለው እንጨት ምትጠቀሙ ከሆነ ቲክም ይሁን ሴዳር ሚበረታው የመሃሉ ጠቆር ያለው ክፍል ነው፣ የዳሩ ነጣ ያለው ክፍል የየትኛውም ዛፍ ቢሆን ቶሎ ይበሰብሳል። እንጨቱ ጥሩ ዘር ነው ተብሎ ብቻ አይገዛም፣ ጫፉን አይታችሁ ምረጡ።

ቡሎንና ሚስማር

እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ላይ አሜሪካ ውስጥ አርሴኒክ ያለበት መድሃኒት ከመኖሪያ ቤት እንጨት ላይ ከቀረ በኋላ የተተኩት መዳብ የበዛባቸው ናቸው፣ እነሱ ደሞ ብረት በጣም ይበላሉ። ቢጫ ወይም ብርማ ሆኖ ሚያብለጨልጨው በስሱ ዚንክ የተቀባ ቪት ውስጥ ለውስጥ ያልቃል፣ ጭንቅላቱ እንዳለ ሆኖ አንገቱ ቀጥኖ ታገኙታላችሁ። ቢያንስ ቀልጦ ዚንክ ውስጥ የተነከረውን (ደብዘዝ ያለ ግራጫ ሻካራ ነው) ተጠቀሙ፣ ባህር ዳርቻ ከሆናችሁ 316 ሚባለውን ስቴንለስ። አይነቱን ደሞ አታደባልቁ፣ መሰረቱ ዚንክ ከሆነ ቡሎኑም ዚንክ ይሁን።

ቋሚው እስከ መሬት ሚወርድ ከሆነ

ጣራ ሚሸከም ቋሚ ካላችሁ ወለሉ ላይ አታቁሙት፣ ወለሉን አልፎ በቀጥታ መሰረቱ ላይ ይረፍ። እዛ ታች ያለው ምርጫ ቀላል ነው። ኮንክሪት ውስጥ ከተቀበረ እንጨትና ከኮንክሪቱ በላይ በብረት ከተያዘ ሁሌም ሁለተኛው። የተቀበረው እንጨት ሲደርቅ ይሟሽሽና ከኮንክሪቱ ጋር ክፍተት ይፈጥራል፣ ኮንክሪቱ ደሞ ኩባያ ይሆንበታል። ኮንክሪት ራሱ ከመሬት እርጥበት ስለሚስብ እንጨቱን ላዩ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም አይሆንም፣ 2 ሳንቲ ተኩል ሚያነሳ የብረት እግር ይኑረው፣ የኮንክሪቱም አናት ወደ ውጪ ትንሽ ያዘንብል።

እንግዲህ የቱ?

አዲስ ምትሰሩ ከሆነና ከውጪ መታየቱ ካላስጨነቃችሁ ቋሚው ከጠርዙ ውጪ፣ በሮንዴላ ክፍተት። ቋሚው ከውስጥ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ሳይጎደብ፣ ዙሪያው 5 ሚሊ ክፍት፣ ተሸካሚዎቹ ላይ ቡቲል፣ የተቆረጠው ሁሉ መድሃኒት የጠጣ። ወለሉ ላይ ሚቀመጠውን ምመርጠው ከስር ገብቶ ማጠናከር ሲቻል ብቻ ነው፣ ዴኩ ዝቅ ብሎ ከስር መግባት ካልተቻለ ተዉት። ለሁሉም ግን የቋሚው አናት ይከደን ወይም ሰያፍ ይቆረጥ፣ ብዙ ሰው ግርጌውን ሲጠብቅ አናቱን ይረሳዋል፣ ውሃው ግን ከዛም ይወርዳል።

የተሰራ ያላችሁ ደሞ ዛሬውኑ ካቻቢቴ ይዛችሁ ከስር ግቡ፣ ከላይ አይታይም ብያለሁ። ትንሽ ለስለስ ብሎ 3 እና 4 ሚሊ ብቻ ከገባ ሲሊኮኑን ፍቁ፣ ክፍተቱን በመጋዝ አስፉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁና መድሃኒት አጠጡት። ቦሬት ሚባል የፈንገስ መድሃኒት የሆኑ ጠንካራ ዘንጎችም አሉ፣ ቋሚው ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስታችሁ ትከቷቸዋላችሁ፣ እርጥበት ሲመጣ እየሟሙ ይሰራጫሉ፣ ከጊዜ በኋላ ስለሚያልቁ ይተካሉ። ካቻቢቴው 1 ሳንቲና ከዛ በላይ ከሰመጠ ግን የመደገፊያ ቋሚ ከሆነ ቀይሩት፣ በኢፖክሲ ሞልቶ ቀለም መቀባት መልኩን እንጂ ጉልበቱን አይመልስም፣ ሰው ተደግፎት ሚቆም ነገር ነው። የቀየራችሁትን ቋሚ ቦታ ግን ድሮ እንደነበረው ልክክ አድርጋችሁ አትመልሱት፣ ያው ይደግመዋል።

ስራው ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሁለት ቀን ጠብቁና ደረቅ የካርቶን ቁራጭ ክፍተቷ ውስጥ አስገብታችሁ ትንሽ ያዙት፣ ከዛ አውጡት። ደርቆ ከወጣ ቦታው እየሰራ ነው። ረጥቦ ወይም ቆሽሾ ከወጣ ክፍተቷ ውስጥ ውሃ ሚይዝ ነገር አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠልና አቧራ ነው፣ በአሮጌ የመጋዝ ምላጭ ጠርጉትና ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ ድጋሚ ሞክሩት።